ዳኛው መቼ ይናገራል፣ መቼ ዝም ይላል? የ«ቦል»ና የ«ስትራይክ» ጥሪ ከካሜራው ለውጥ በኋላ

በአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ ተጫዋቾች የዳኛው የ«ቦል» ወይም የ«ስትራይክ» ውሳኔ፣ ማለትም የተወረወረችው ኳስ ከተፈቀደው ክልል ውጭ ወይም በክልሉ ውስጥ አልፋለች የሚለው ፍርድ፣ በካሜራ እንዲጣራላቸው መጠየቅ ይችላሉ። አሠራሩ የጸደቀው በሴፕቴምበር 2025 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን «ዳኛው ቀረ፣ በማሽን ተተካ» ወደሚል ተቀይሯል። አልተተካም። አሁንም ከተቀባዩ (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን ከሚይዘው ተጫዋች) ጀርባ አጎንብሶ ኳሷን የሚያየው፣ ድምፁን አውጥቶ የሚወስነው ሰው ነው። እንዲያውም አዲሱ አሠራር የሚነሳው ከዚያ ድምፅ ነው፤ ጥሪ ከሌለ ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለም።

ለግራ መጋባቱ ምክንያት አለው። በውድድሩ ወራት ኒው ዮርክ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ ኮዬ ፈጬ ወይም ለገጣፎ ያለ ወጣት ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር አይከታተልም፤ በማግሥቱ በስልኩ የሚያየው የተቆራረጠ ቪዲዮ ነው። ተቆርጦ የሚለጠፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ስትራይክ ነው፦ ዳኛው ወደ ጎን ዞሮ፣ ክንዱን እንደ ቀስት ስቦ፣ እየጮኸ መቺውን የሚያሰናብትበት ቅጽበት። ከዚያ በፊት የነበሩት ውርወራዎች፣ ረጋ ባለ ድምፅ የተባሉት «ቦል»ዎች፣ ያለ ድምፅ በእጅ ብቻ የታለፉት ስትራይኮች አይታዩም። ሜዳ ላይ ዳኝነትን የሚሞክር ሰው የሚኮርጀው ጩኸቱን ነው፤ ሥራው ግን ያለው ተቆርጦ በቀረው ክፍል ውስጥ ነው።

ሳጥኑና ቁጥሩ

ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ ከመቺው 18.44 ሜትር ርቆ ይቆማል። ከመቺው እግር አጠገብ መሬት ላይ የተነጠፈው ባለ አምስት ጎን ነጭ ጎማ ሆም ፕሌት ይባላል፤ ስፋቱ 43 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጎማው በላይ በሐሳብ የሚሳል ሳጥን አለ፤ ስትራይክ ዞን የሚባለው እሱ ነው። የታችኛው ወሰኑ ከመቺው የጉልበት ሎሚ ሥር ነው። የላይኛው ወሰን ደግሞ በትከሻው ጫፍና በሱሪው የላይኛው ጠርዝ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ይውላል። ወሰኑ የሚለካው መቺው ለመምታት በተዘጋጀበት አቋም እንጂ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይደለም።

መቺው ዱላውን ሳይሰነዝር ያለፈች ኳስ የሳጥኑን ጠርዝ በትንሹ እንኳ ከነካች «ስትራይክ»፣ ካልነካች «ቦል» ትባላለች። ሰንዝሮ ከሳተ ኳሷ የትም ትሁን የት ስትራይክ ነው። መትቶ ከመስመሩ ውጭ ካወጣት «ፋውል» ይባላል፤ በእግር ኳስ ከምናውቀው ጥፋት ጋር አይገናኝም። ፋውል እስከ ሁለተኛው ስትራይክ ድረስ እንደ ስትራይክ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን፣ መቺው ዱላውን ዘርግቶ ኳሷን ለስለስ አድርጎ ለማስቀመጥ ሲሞክር ካልሆነ በስተቀር፣ ቁጥሩን አይለውጥም። ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣዋል፣ አውት ያደርገዋል፤ አራት ቦል በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ፣ ማለትም ሯጭ ተራ በተራ ከሚረግጣቸው ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው፣ ያሳልፈዋል።

ዓይን ይቀድማል፣ ድምፅ ይከተላል

ዳኛው የሚቆመው ከተቀባዩ ጭንቅላት በቀጥታ ኋላ አይደለም። በተቀባዩና በመቺው መካከል ባለችው ክፍተት በኩል ነው የሚያየው። ለመቺው የሚቀርበው እግሩ ፊት ይላል፤ የሌላኛው እግር ጣት ከፊተኛው ተረከዝ ጋር ይስተካከላል። እግሮቹ ከትከሻው ሰፋ ይላሉ። ወርዋሪው መንቀሳቀስ ሲጀምር ዳኛው ዝቅ ይላል፤ አገጩ በግምት ከሳጥኑ የላይኛው ወሰን ጋር ሲተካከል ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ አይነቃነቅም። ከዚህ በታች ከወረደ ዝቅተኛ ኳሶችን ተቀባዩ ይጋርድበታል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ ከጉልበት በታች ያለፈችውን ስትራይክ ይላታል።

በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የተወረወረች ኳስ ሆም ፕሌት ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጅባታል። በጀማሪዎች ጨዋታ፣ በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወረወር፣ ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። በዚያች ጊዜ ዳኛው የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ኳሷን በዓይኑ እስከ ተቀባዩ ጓንት ድረስ መከተል። ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ስትገባ ወዲያው አይናገርም። ለአፍታ ዝም ይላል። ተመልካቹ ማመንታት የሚመስለው ያ ዝምታ የጥሪው ዋና ክፍል ነው፤ ዳኛው ያየውን መንገድ መልሶ የሚያስብበትና የሚወስንበት ጊዜ ነው።

ይህን ዝምታ የዘለለ ዳኛ ምን እንደሚደርስበት ማወቁ ይጠቅማል። የምትታጠፍ ኳስ የመጨረሻውን ቁልቁለቷን የምትይዘው መቺው አጠገብ ስትደርስ ነው። ዳኛው ከጓንቱ በፊት ከወሰነ የፈረደው በኳሷ አይደለም፤ ትሄዳለች ብሎ በገመተው መንገድ ነው። አፉ «ስት…» ብሎ ከጀመረ በኋላ ኳሷ ስትወርድ ያያል፤ ያን ጊዜ ወይ የተሳሳተውን ይጨርሳል፣ ወይ ቃሉን መሃል ላይ ቆርጦ «ቦል» ይላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ ሁለቱም ቡድኖች ይጠራጠራሉ። እኛ ዘንድ በጀማሪዎች ሜዳ ለሚነሳ ጭቅጭቅ ዋናው መነሻ የዓይን ድክመት ይመስላል፤ በጥንቃቄ ሲታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጥድፊያ ነው። ዓይን በልምድ ይሠለጥናል፤ ጥድፊያን ግን ከመጀመሪያው ቀን መከልከል ይቻላል።

ከዝምታው በኋላ ውሳኔው «ቦል» ከሆነ ዳኛው ከአጎነበሰበት ሳይነሳ ቃሉን ብቻ ይናገራል። እጁ አይንቀሳቀስም። ኳሷ በጨዋታ ላይ ናት፤ ቤዝ ላይ ያለ ሯጭ በዚያው ቅጽበት ወደሚቀጥለው ቤዝ ለመሮጥ ሊነሳ ይችላል፤ ዳኛው ደግሞ ዓይኑን ከኳሷ ማንሳት የለበትም። የሚንቀሳቀስ እጅ ከሩቅ ስትራይክ ይመስላል፤ ስለዚህ የእጁ አለመንቀሳቀስ ራሱ መልእክት ነው።

ውሳኔው «ስትራይክ» ከሆነ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው፣ እንዳጎነበሱ ቃሉን ተናግሮ ከዚያ ቀና እያሉ በቀኝ እጅ ምልክት መስጠት ነው፤ ሁለተኛው ድምፁንና እጁን አንድ ላይ ማውጣት። በሁለቱም መንገድ የሚሠሩ ጥሩ ዳኞች አሉ። ለጀማሪ ግን የመጀመሪያው ይሻላል፤ ቃሉ እየወጣ ጭንቅላቱ ባለበት ስለሚቆይ ተቀባዩ ኳሷን ጥሎ እንደሆነ ያያል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ክርን በቀኝ ማዕዘን ታጥፎ፣ ጡጫ ተጨብጦ፣ ፊት ለፊት አንድ ጊዜ መምታት። ወደ ጎን ዞሮ መጠቆሙ ያምራል፤ ግን ዓይንን ከሜዳው ያርቃል፤ ያን ጊዜ ሯጭ ከሄደ ዳኛው አላየም ማለት ነው።

መቺው ሰንዝሮ ሲስት ግን ዳኛው ዝም ብሎ እጁን ብቻ ያሳያል። ስልክ ላይ የሚያይ ሰው ይህን ግድየለሽነት ይለው ይሆናል፤ ነገሩ ሌላ ነው። መሳቱን ሁሉም አይቷል፤ ዳኛው የሚነግራቸው አዲስ ነገር የለም። ከዚህም በላይ ዝምታው መረጃ ይይዛል። ድምፅ ያለው ስትራይክ «ኳሷ በሳጥኑ ውስጥ አልፋለች» ማለት ነው፤ ድምፅ የሌለው «ሰንዝሮ ስቷል» ማለት ነው። በቡድኑ ወንበር ላይ ያለ አሠልጣኝ ወርዋሪው የሳጥኑን ጠርዝ እያገኘ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ይህንን በመስማት ነው።

የ«ቦል» ድምፅ ምን ያህል ይጉላ? አንዳንድ የዳኞች አሠልጣኞች በሁለቱም ቡድኖች ወንበር ያሉ ሰዎች ሊሰሙት ይገባል ይላሉ። ሌሎች ወርዋሪው፣ ተቀባዩና መቺው ከሰሙት ይበቃል፣ ሁሉን የሚጮኽ ዳኛ በዘጠኝ ዙር ውስጥ ድምፁን ይጨርሳል ባይ ናቸው። ሁለተኛው ክርክር ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ጸጥ ባለ ሜዳ ነው። የማያከራክረው ነገር ሌላ ነው፦ ጠርዝ ላይ ያለፈች ኳስ ከሌሎቹ ይልቅ ጠንከር ብላ ትጠራለች፤ በጥርጣሬ ድምፅ የወጣ ትክክለኛ ጥሪ እንኳ ሙግት ይጋብዛል። «ውጪ ነበረች»፣ «ዝቅ ብላለች» እያሉ ማብራሪያ መጨመር ደግሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ማብራሪያ በሰጠ ቁጥር ለሚቀጥለውም ይጠየቃል። ተቀባዩ በትሕትና ከጠየቀ ዳኛው ወደ እሱ ሳይዞር፣ ሁለቱ ብቻ በሚሰሙት ድምፅ አጭር መልስ ሊሰጥ ይችላል።

አንድ ቃል ጨዋታ የምታቆምባቸው ቦታዎች

ሰንዘር አድርጎ ዱላውን የመለሰ መቺ ሰንዝሯል ወይስ አልሰነዘረም? ሕጉ የሚጠይቀው ኳሷን ለመምታት ሞክሯል ወይ ብሎ ነው፤ የእጅ አንጓው ስንት ዲግሪ እንደዞረ የሚለካ መስፈርት የለም። ዳኛው ሰንዝሯል ካለ መቺውን እየጠቆመ «አዎ፣ ሰንዝሯል» ይልና የስትራይክ ምልክት ይሰጣል። አልሰነዘረም ካለ «ቦል፣ አልሰነዘረም» ይላል። ሁለቱም ቃላት ያስፈልጋሉ፤ «ቦል» ብቻ ካለ ሙከራውን ከናካቴው ያላየው ይመስላል። ቦል ሲባል ብቻ የወርዋሪው ወገን የቤዙ ዳኛ፣ ማለትም ቤዝ አጠገብ የቆመው ሌላ ዳኛ፣ እንዲጠየቅ ማመልከት ይችላል። የቤዙ ዳኛ እጆቹን ወደ ጎን ከዘረጋ አልሰነዘረም፣ ጡጫ ካነሳ ሰንዝሯል ማለት ነው። ስትራይክ ተብሎ ከሆነ ማመልከቻ የለም። ዳኛው ብቻውን በሚያጫውትበት ሜዳም የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ የመጀመሪያው ቃል የመጨረሻው ነው።

ሁለተኛው ዱላውን ጨረፍ አድርጋ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ጓንት የገባች ኳስ ናት። ተቀባዩ ከያዛት ስትራይክ ናት፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። እዚህ ላይ «ፋውል» ብሎ መጮህ ከባድ ስህተት ነው። በዚያ ቃል ሁሉም ይቆማል፤ ሁለተኛ ቤዝን ሊወስድ የተነሳው ሯጭም ይቆማል፤ የቆመውን ደግሞ መልሶ ማስነሳት አይቻልም። ትክክለኛው አሠራር ያለ ድምፅ ነው፤ የቀኝ መዳፍ በግራ እጅ ጀርባ ላይ ይንሸራተታል፣ ከዚያ የስትራይክ ምልክት ይከተላል።

ሦስተኛው ብዙ ጥፋት የሚታይበት ነው። ሦስተኛው ስትራይክ ተጠርቶ ተቀባዩ ኳሷን በንጽሕና ካልያዛት፣ ማለትም ካመለጠችው ወይም መሬት ነክታ ከገባች፣ አንደኛ ቤዝ ባዶ ከሆነ ወይም ሁለት አውት ካለ መቺው ወደ አንደኛ ቤዝ መሮጥ ይፈቀድለታል። ቪዲዮ አይቶ የተማረ ዳኛ ግን ሦስተኛውን ስትራይክ ሲጠራ በልማድ «አውት!» ይጨምርበታል። መቺው ይህን ሰምቶ ዱላውን ጥሎ ወደ ወንበሩ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ኳሷን ይዞ መቺውን ይነካዋል ወይም ወደ አንደኛ ቤዝ ይወረውራል፤ ከዚያ ማን ምን መብት ነበረው የሚለው ክርክር ይከፈታል። ስለዚህ ጥሪው «ስትራይክ ሦስት» ላይ ይቆማል። ዳኛው ምልክቱን እየሰጠ ዓይኑን ኳሷ ላይ ያደርጋል። ተይዛ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ካልተያዘችና መቺው መሮጥ የሚችልበት ሁኔታ ከሆነ፣ አለመያዟን እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ያሳያል። በተቃራኒው አንደኛ ቤዝ ላይ ሰው ካለና አውት ከሁለት በታች ከሆነ መቺው መሮጥ አይችልም፤ ያን ጊዜ «መቺው አውት ነው!» ብሎ ጮክ ማለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተቀባዩ በከንቱ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲወረውር ሌሎቹ ሯጮች በግርግሩ ይጠቀማሉ።

ቆጠራውን ማሳወቅ

ዳኛው በግራ እጁ ትንሽ ቆጣሪ ይይዛል። በአውራ ጣት የሚዞሩ ጥርሳማ ጎማዎች አሉት፤ አንዱ ለቦል፣ አንዱ ለስትራይክ፣ አንዱ ለአውት። የሚያዞረው ከጥሪው በኋላ እንጂ እየጠራ አይደለም። ቁጥሩን ሲያሳውቅ ቦል ይቀድማል፣ ስትራይክ ይከተላል፤ ቦል በግራ እጅ ጣቶች፣ ስትራይክ በቀኝ። ጃፓን ለረጅም ጊዜ ስትራይክን አስቀድማ ስትቆጥር ኖራ ፕሮፌሽናል ሊጓ በ2010 ወደ ዓለም አቀፉ ቅደም ተከተል ተመልሷል። የትኛውም ቅደም ተከተል በራሱ አይከፋም፤ ሁለቱ አንድ ሜዳ ላይ ሲደባለቁ ግን «ሁለት፣ አንድ» የተባለውን ግማሹ ቦል ሁለት፣ ግማሹ ስትራይክ ሁለት ብሎ ይሰማዋል።

ፊት ለፊት የሚያየው ወርዋሪ የዳኛው ግራ እጅ በእርሱ ቀኝ በኩል ስለሚታየው ጣት ብቻውን አይበቃም፤ ድምፅ ይጨመርበታል። «ሦስት ቦል፣ ሁለት ስትራይክ» ብሎ ሁለቱንም በስማቸው መጥራት ከባዶ ቁጥር ይሻላል። በየውርወራው ማሳወቅ ያታክታል፤ በየሁለት ሦስት ውርወራው፣ እንዲሁም ጨዋታው በማንኛውም ምክንያት ተቋርጦ ሲቀጥል ማሳወቅ ይበቃል። ቁጥሩ ከጠፋ ከሚቀጥለው ውርወራ በፊት ጨዋታውን አቁሞ ከመዝጋቢው ጋር ማስተያየት ነው። ጠፍቶም እየተወረወረ ከቀጠለ አራተኛው ቦል አምስተኛ ሆኖ ይገኛል።

የእጅ ምልክቱ አመጣጥ

ቀድሞ ጥሪው በድምፅ ብቻ ነበር። የእጅ ምልክቱ የተጀመረው መስማት ለተሳነው ተጫዋች ለዊልያም ሆይ ተብሎ ነው የሚል በሰፊው የሚነገር ታሪክ አለ፤ ሆይ ከ1888 እስከ 1902 በሜጀር ሊግ ተጫውቷል። ሌሎች ምስጋናውን ለዳኞቹ ለሳይ ሪግለርና ለቢል ክሌም ይሰጣሉ። ተመራማሪዎች አልተስማሙም፤ የሆይን ታሪክ እንደተረጋገጠ ነገር ማቅረብ ግን ልክ አይደለም። እርግጡ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሜዳዎቹ በሰው እየተሞሉ ድምፅ የማይደርስበት ተመልካች ሲበዛ እጅ ከድምፅ ጋር መሄድ መጀመሩ ነው።

ካሜራው የለወጠውና ያልለወጠው

በወሬ የሚቀላቀሉ ሁለት አሠራሮች አሉ። የደቡብ ኮሪያ ፕሮፌሽናል ሊግ በ2024 ሙሉውን አሠራር ተቀብሏል፤ እያንዳንዷን ኳስ ኮምፒውተሩ ይወስናል፣ ዳኛው ውሳኔውን በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ ለሜዳው ያሰማል። እዚያ ድምፁ የሰው ነው፣ ፍርዱ ግን አይደለም። የአሜሪካው የተለየ ነው። ዳኛው እንደ ድሮው ይጠራል፤ ያልተስማማ ተጫዋች ይግባኝ ይላል። ይግባኝ ማለት የሚችሉት ሦስት ብቻ ናቸው፦ መቺው፣ ወርዋሪው፣ ተቀባዩ። ኮፍያቸውን ወይም የራስ ቁራቸውን መታ አድርገው ወዲያው፣ ከወንበሩ ምክር ሳይጠብቁ መጠየቅ አለባቸው። እያንዳንዱ ቡድን በሁለት ይግባኝ ይጀምራል፤ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ዕድሉ አይቀነስበትም።

በሜዳው ዙሪያ የተተከሉ 12 ካሜራዎች የኳሷን መንገድ ይከታተላሉ፤ ውጤቱ በሜዳው ስክሪን ይታያል። በ2025 የዝግጅት ጨዋታዎች ላይ ሲሞከር አንድ ይግባኝ በአማካይ 14 ሰከንድ ያህል ወስዷል፤ ከቀረቡት መካከል ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት የዳኛውን ውሳኔ ቀይረዋል። ይህን ቁጥር ይዞ «ዳኞች ግማሹን ይሳሳታሉ» ማለት ግን አይቻልም። ይግባኝ የሚባለው በጠርዝ ላይ ባለፉና ተጫዋቹ ተሳስቷል ብሎ በተማመነባቸው ጥቂት ኳሶች ነው፤ በአንድ ጨዋታ ከሚወረወሩት ወደ 300 ከሚጠጉ ኳሶች ውስጥ በአማካይ አራት ያህል ላይ ብቻ።

የካሜራው ሳጥን ራሱ ከሕግ መጽሐፉ ትንሽ ይለያል። የላይኛው ወሰኑ የመቺው ቁመት 53.5 በመቶ፣ የታችኛው 27 በመቶ ሲሆን የሚለካው በሆም ፕሌቱ መሃል ላይ በቆመ ስስ ገጽ ነው። በመጽሐፉ ሳጥን ደግሞ ኳሷ ከፊት ወይም ከኋላ ያለውን ጠርዝ ብትነካም ስትራይክ ናት። ስለዚህ በኋለኛው ጥግ ጨረፍ አድርጋ የምትወርድ ኳስ በአንዱ ስትራይክ፣ በሌላው ቦል ልትሆን ትችላለች።

ደጋፊዎች ውሳኔው ለሁሉም እኩል ይሆናል፣ አንድ ስህተት ጨዋታ አያበላሽም ይላሉ። ተቃዋሚዎች ጓንቱን በስሱ እያንቀሳቀሰ ጠርዝ ላይ ያለችውን ኳስ ውስጥ ያለች የሚያስመስለው የተቀባይ ጥበብ ይጠፋል ይላሉ። ይህ ስጋት ለኮሪያው አሠራር እውነት ነው፤ ለአሜሪካው ግን በከፊል ብቻ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው አሁንም ሰው ነው። ቀድሞ በቦልና በስትራይክ መከራከር የተከለከለ፣ ከሜዳ የሚያስባርር ነገር ነበር፤ ክልከላው አልተነሳም፤ ለሦስቱ ተጫዋቾች አንድ ሕጋዊ በር ተከፈተ እንጂ። ለዳኛው የሚያስከትለው ለውጥም ግልጽ ነው። ይግባኙ በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ መቅረብ ስላለበት የተድበሰበሰ ወይም ግማሹ የተዋጠ ጥሪ ከዚህ በፊት ከነበረው የባሰ ጥፋት ይሆናል፤ ተጫዋቹ ምን እንደተወሰነ ሳያውቅ ጊዜው ያልፍበታል።

በከተማዋ ዳር ባለ ሜዳ

ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ገላን ወይም አያት ዳር ባለ ክፍት ሜዳ ካሜራ የለም፤ የሚቀረው የዳኛው አሠራር ብቻ ነው። እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ መከላከያ ነው። ማስክ፣ የደረትና የቅልጥም መከላከያ የሌለው ዳኛ ከተቀባዩ ኋላ መቆም የለበትም፤ የተጨረፈች ኳስ ዓይን ታጠፋለች። እንዲህ ሲሆን ከወርዋሪው ኋላ ቆሞ ማጫወት ይቻላል። ከዚያ ሆኖ ኳሷ በሆም ፕሌቱ ስፋት ውስጥ ማለፏ ደህና ይታያል፤ ከፍታዋን መለየት ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ የመቺውን ጉልበትና ተቀባዩ የያዘበትን ቦታ አጥብቆ ማየት ያሻል። ጥሪውም ከ20 ሜትር በላይ መሻገር ስላለበት ድምፁ ይጎላል፤ እጁም ለአንድ ሁለት ሰከንድ እንደተነሳ ይቆያል።

ሆም ፕሌቱን ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ መሥራት ይቻላል። የፊት ጎኑ 43.2፣ ሁለቱ ቀጥ ያሉ ጎኖች 21.6፣ ወደ ሹሉ የሚገናኙት ሁለቱ የኋላ ጎኖች 30.5 ሴንቲ ሜትር ናቸው። በግምት ተቆርጦ 50 ከሆነ በሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያለ ሕግ ለወርዋሪው ተሰጠ ማለት ነው። ከመሬት እኩል ተቀብሮ መቀመጥ አለበት፤ ምስማር ብቅ ካለ እግር ይበሳል። መረሬ አፈር በክረምት ስለሚያብጥ፣ በበጋ ደግሞ ስለሚሰነጠቅ ከጨዋታ በፊት ሁልጊዜ ማስተካከል ግድ ነው።

ከፍታውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣል። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል። ኳስን የሚያጥፋት አየሩ ስለሆነ የምትታጠፈዋ ኳስ እዚህ የምትታጠፈው በቪዲዮ ከምናየው ያነሰ ነው። የሚያዘገያትም አየሩ በመሆኑ ፈጣኗ ትንሽ ፈጥና ትደርሳለች። ዓይኑን በቪዲዮ ያለማመደ ዳኛ ትወርዳለች ብሎ የጠበቃት ኳስ ሳትወርድ ከሳጥኑ በላይ ታልፋለች፤ እሱ ግን አስቀድሞ ወስኖ ከሆነ ስትራይክ ይላታል። እስከ ጓንቱ መጠበቅ እዚህ ከባሕር ዳርቻው የበለጠ ያስፈልጋል።

ከዚያ ጫጫታው አለ። ግንባታ ባለበት ሰፈር ቤቶኔራና ሲኖትራክ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንፋሱ ድምፅን ይበላሉ። ንፋስ መጀመሪያ የሚወስደው የቃሉን ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ጥሪዎች በርዝመትና በቅላጼ መለያየት አለባቸው። «ቦል» አንድ ወጥና ረጋ ያለ፣ «ስትራይክ» መሃሉ ላይ ተስቦ ከፍ የሚል። ድምፁ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ሲወጣ ሳይደክም ይዘልቃል። በዙሪያው ከተሞች አማርኛና አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆች አብረው ስለሚጫወቱ ሁለቱን ቃላት እንዳሉ መተው፣ ቁጥሩን ደግሞ ሁሉም በሚያውቀው ቋንቋ ከጣት ጋር ማሳወቅ የሚበጅ ይመስለናል። ጥሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ አገር ቋንቋ መመለስ ይገባል የሚል ሐሳብም አለ፤ ልጆቹ ለመረዳት ይቀላቸዋል። ነገር ግን በቪዲዮ የሚሰሙት፣ ነገም ከሌላ አገር ቡድን ጋር ሲገናኙ የሚጠብቃቸው ያው ቃል ስለሆነ ሁለት ጊዜ ከመማር አንዱን መልመድ ይቀላል።

ለትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚመከረው ቤዝቦል5 ነው። አምስት ለአምስት፣ ያለ ዱላና ያለ ጓንት፣ መቺው የጎማ ኳስን በራሱ እጅ የሚመታበት ነው፤ በ2026ቱ የዳካር የወጣቶች ኦሊምፒክም የሜዳሊያ ውድድር ሆኖ ገብቷል። ለጠባብ ሜዳ ተስማሚ ነው፤ ሩጫና መያዝን ያስተምራል። ወርዋሪ ስለሌለው ግን ቦልና ስትራይክ የሚጠራ ዳኛ አያፈራም። ቤዝቦልና ሶፍትቦል በ2028 ወደ ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ስለሚመለሱ ሙሉውን ጨዋታ ለመሞከር የሚፈልጉ ሰፈሮች ዳኞቻቸውን ለብቻ ማለማመድ ይኖርባቸዋል።

ለልምምዱ አራት ሰው ይበቃል፦ የሚወረውር፣ የሚይዝ፣ የሚጠራና ከጎን ሆኖ የሚመዘግብ። መቺ አያስፈልግም፤ የቁመቱ ወሰን በሁለት ገመድ ይታሰራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዝጋቢው ጥሪው ትክክል መሆኑን አይጽፍም። የሚጽፈው ሁለት ነገር ነው፦ ድምፁ የወጣው ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው ወይስ በፊት፣ ቃሉ ሲወጣ የዳኛው ጭንቅላት ተንቀሳቅሷል ወይስ አልተንቀሳቀሰም። ሁለቱ ሲስተካከሉ ነው ወደ ጠርዝ ኳሶች የሚገባው።